በተበሳ ካርቶን ያረምኩት ወረቀት

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ጠ. 3 ሰዓት

የኮምፒውተር ላብራቶሪው ውስጥ። ዝናብ። ቆርቆሮው ላይ እየወረደ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም። የክረምት ተማሪዎች ሐሙስ ይገባሉ፤ ሃያ ኮምፒውተር መፈተሽ አለብኝ። ባለሙያው አዲሱን ሶፍትዌር ጫነ፣ አስፈረመኝ፣ ሄደ።

እና ችግር አለ። ምን ጊዜም እኔ ከፈረምኩ በኋላ ነው ችግር የሚመጣው።

አንተ ደብተር ስለ ኮምፒውተር ምንም አታውቅም፤ ባጭሩ ላስረዳህ። ባለፈው መንፈቅ አሴምብሊ የሚባል ኮርስ አስተምሬያለሁ። ለማሽኑ በቀጥታ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ትንሽ ሥራ። ይህን ከዚህ አንሳ፣ እዚያ አስቀምጥ። ይህን ከዚያ ላይ ቀንስ። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

movl $5, %eax

አምስትን አንሳ፣ eax ውስጥ አስቀምጥ። eax ማሽኑ ውስጥ ያለች ትንሽ ማስቀመጫ ናት። መነሻው ፊት፣ መድረሻው ኋላ። የማስተምርበት ጽሑፍ፣ ሃንድአውቱ ላይ፣ እንዲህ ነው። እንዲህ አነበብኩ፣ እንዲህ አስተማርኩ።

ዛሬ ያንኑ ፕሮግራም በአዲሱ ሶፍትዌር ከፈትኩት። የሚያሳየኝ፦

mov eax, 5

ፐርሰንቱ ጠፋ። የዶላር ምልክቱ ጠፋ። መድረሻው ፊት መጣ። ሁሉም መስመር እንዲሁ። ሰውየው ምን ጭኖልኝ ነው የሄደው?

ያው ቀን፣ ከሰ. 9 ሰዓት ተኩል

ሦስት ኮምፒውተር ላይ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ያው ነው። ለባለሙያው ደወልኩ፤ አያነሳም። የት/ክፍላችን ኃላፊ ኦቦ ቶለሳ ብቅ አሉ። እስከ ሐሙስ ይደርሳል ወይ። ይደርሳል አልኩ። በሩን ሊዘጉ ሲሉ ጣል አደረጉ፦ የቅጥር ኮሚቴው ሰኞ ሐምሌ 21 ይሰበሰባል፤ ስሜ አለበት። ሁለት ዓመት በኮንትራት ቆይቼ፣ ቋሚ መሆን አለመሆኔ ያን ቀን ይለይለታል። እስከዚያ ድረስ ስምሽ በክፉ አይነሳ አሉኝ፣ እየሳቁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8። ጠ. 4፡20

አገኘሁት! ሶፍትዌሩ አልተበላሸም። ባለሙያውን ትናንት ሙሉ ቀን ሳማው ዋልኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

ሁለት አጻጻፍ አለ። ሁለት! አንዱ የኔ ነው፣ ፐርሰንትና ዶላር የሚያበዛው። ሌላው ያለ ምልክት ይጽፍና የሜሞሪ ቦታ ሲጠራ በማዕዘን ቅንፍ ይከባል። ባለ ፐርሰንትና ባለ ቅንፍ ልበላቸው። በባለ ፐርሰንት መነሻው ይቀድማል። በባለ ቅንፍ መድረሻው ይቀድማል። ባለ ፐርሰንት የሚነሳውን ነገር መጠን በትእዛዙ ጭራ ላይ በአንዲት ፊደል ይናገራል፤ movl ላይ ያለችው l እሷ ናት። ባለ ቅንፍ ካስፈለገው ብቻ dword ብሎ በቃል ይጽፋል። -4(%ebp) እና [ebp-4] አንድ ቦታ ናቸው። ማሽኑ የሚሠራው ሥራ በሁለቱም ያው ነው፣ ቅንጣት አይለወጥም። አንድ መስመር ትእዛዝ ከሰጠሁት ሶፍትዌሩ ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመልስልኛል። አሥር ጊዜ እያመላለስኩ አየሁ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ደግሞም አፈርኩ። መንፈቅ ሙሉ አስተምሬ ዛሬ መስማቴ። ምን ላድርግ፣ እኔ የኔትወርክ ሰው ነኝ። ኮርሱን የያዘው መምህር አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ሃንድአውቱን፣ የፈተናውን ጥያቄና የማረሚያ ካርቶኑን አስረከበኝ። ሃንድአውቱን ከተማሪዎቹ አንድ ሳምንት እየቀደምኩ አነበብኩ፣ አስተማርኩ፣ ፈተንኩ፣ አረምኩ።

ያው ቀን፣ 5፡10

ደስታው አልቆየም። የማዕዘን ቅንፍ ያለበት ወረቀት አይቻለሁ። በሰኔ፣ ፈተና ሳርም። dword የሚል ቃልም ነበረበት። ቀይ የጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ።

የማን እንደሆነ አውቃለሁ። እንዳይሆን፣ እንዳይሆን።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9። ጠ. 2፡40

ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ወረቀቱ ፊቴ ነው። ገመቹ። ሦስተኛ ዓመት፣ ከአርጆ የመጣ፣ ኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ። ከ40 ስድስት። ኮርሱን ኤፍ። ቀድሞ ማስጠንቀቂያ ነበረበት፤ ኤፉ ሲጨመርበት ተባረረ። ከሁለት ሳምንት በፊት ፍራሹን ጠቅልሎ ሲወጣ በመስኮት አይቼዋለሁ። አሳዘነኝ፣ ግን የእጁን ነው ያገኘው ብዬ ወደ ሻዬ ተመለስኩ።

እንዴት እንደምናርም ልንገርህ። ፈተናው ሠንጠረዥ ነው። በየመስመሩ የሚሠራው ሥራና የትእዛዙ ስም ተጽፏል፣ ከአጠገቡ ሁለት፣ አንዳንዴም አንድ፣ ባዶ ሳጥን አለ፤ ተማሪው ይሞላል። ማረሚያው የተበሳ ካርቶን ነው። ወረቀቱ ላይ ስትደፋው ሳጥኖቹ ብቻ በቀዳዳው ይታያሉ፣ ትክክለኛው መልስ ከየቀዳዳው አጠገብ ተጽፏል። ስልሳ ወረቀት በአንድ ከሰዓት። ት/ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም እንዲህ ነን፤ ጎበዝ የሚባለው የፈጠነው ነው። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ የለም። ካርቶኑ መጀመሪያ 5 ይላል፣ ገመቹ eax ብሏል፤ ኤክስ። ካርቶኑ ቀጥሎ eax ይላል፣ ገመቹ 5 ብሏል፤ ኤክስ። እስከ ታች ድረስ ኤክስ በኤክስ።

ዛሬ ካርቶኑን ወዲያ ጥዬ አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች ባለ ቅንፍ ነው የጻፈው። አንድም ቦታ አልቀላቀለም። ከ40 ሠላሳ ስድስት። በክፍሉ ውስጥ ከሱ የሚበልጡት ሦስት ብቻ ናቸው። ያገኛቸው ስድስቱ ነጥቦች እንኳ አንድ ሳጥን ብቻ ካላቸው መስመሮች የመጡ ናቸው፣ የሚቀድምና የሚከተል ከሌለባቸው። አንዷንም አልሳተም። ያን ብቻ ብመለከት ይበቃኝ ነበር። የፈተናው መመሪያም በየትኛው አጻጻፍ ጻፉ አይልም። ማን ይበል?

ከወረቀቱ ግርጌ በቀይ የጻፍኩት አለ። ክፍል መግባት ይጠቅማል! ከነቃለ አጋኖው።

አምስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። አባቱ ታመው። ሲመለስ ሃንድአውቱ አልነበረውም፤ ስልኩ ላይ ካወረደው መጽሐፍ ነው ያጠናው። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አስቁሞ ስልኩን አሳየኝ። ባርሲስቱ፣ ይሄ ከሰሌዳው ጋር አልገጥም አለኝ፣ የቱ ነው የሚቀድመው? አለኝ። ባርሲስቱ ማለት መምህርት ነው፤ ነቀምቴ ተወልጄ አድጌ አሁንም ስጠራበት ደስ ይለኛል። ስብሰባ ረፍዶብኝ ነበር። ስልክህን ትተህ ሃንድአውቱን ተከተል ብዬው አለፍኩ። እሺ አለ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሰው ልጅ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10። ከሰ. 8 ሰዓት

የክረምት ተማሪዎች ገቡ። ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ሬጅስትራር ሄድኩ። ውጤት እስከ ዓርብ ሐምሌ 18፣ 11 ሰዓት ድረስ ሊስተካከል ይችላል። ከዚያ ይዘጋል። ፎርም አለው፤ ተማሪው ይፈርማል፣ መምህሩ ምክንያቱን ይጽፋል፣ የት/ክፍል ኃላፊ ያጸድቃል። ፎርሙን ወሰድኩ።

ከዚያ ኦቦ ቶለሳ ዘንድ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ብዙ አዩት። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይህን ጻፍልኝ። መጀመሪያ ልጁ በዓመቱ ተመልሶ ኮርሱን ሊወስደው ይችላል አሉ፤ አንድ ዓመት ምን አላት። ቀጥለው ሌላ መንገድ ፈለጉልኝ። ምክንያቱ ላይ የድምር ስህተት ብለሽ ጻፊ፣ ማንም አይጠይቅም፣ በየዓመቱ አለ። መምህርቷ ትምህርቱን አታውቀውም ነበር የሚል ፎርም ግን ሰኞ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ልጁም ይጠቀማል፣ አንቺም ትተርፊያለሽ። እንደ አባት እመክርሻለሁ አሉ።

እሺ አልኩ። ሳልውል ሳላድር እሺ አልኩ! ደስም አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12። ጠ. 5 ሰዓት

የገመቹ ስልክ ዝግ ነው። ትናንትም። ዛሬ ሰባት ጊዜ። እናቴ ማንን ነው እንዲህ የምታሳድጂው አለችኝ፤ ጮኽኩባት። ሳህን አጥባ ወጣች። ይቅርታ አልጠየቅኩም ገና።

ራሴ አርጆ ካልሄድኩ ፊርማ የለም። ፊርማ ከሌለ ፎርም የለም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14። ጠ. 3፡40

መነኸሪያ። ወደ አርጆ የሚሄድ የለም። አንዱ ሾፌር ዝናቡ መንገዱን ቆርጦታል ይላል፣ ሌላው መንገዱ ደህና ነው ተሳፋሪ ነው የጠፋው ይላል፣ ሦስተኛው ለምን እንደማይወጣ አይናገርም። ሦስት ሰዓት ድረስ ቆሜ ተመለስኩ። ጫማዬ ውሃ ገብቶበታል። አራት ቀን ቀረ።

ውስጤ ያለችው ሌላዋ ሰው ምን እንዳለች ታውቃለህ? መንገዱ ባይከፈት ጥፋቱ የኔ አይደለም አለች። ሰማኋት። ዝም በይ አላልኳትም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15። ከሰ. 11 ሰዓት፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ እየተመለስኩ

መንገዱ ያንገጫግጫል፤ ፊደሉን ታገሰኝ።

ዛሬ መኪና ተገኘ፤ አርጆ 5 ሰዓት ደረስኩ። ስሙን ጠይቄ ቤቱን አሳዩኝ፣ ከከተማው ዝቅ ብሎ ተዳፋት ላይ። እናቱ አዴ ጫልቱ በር ላይ። ከኮሌጅ ነው የመጣሁት ስል ፊታቸው ጠቆረ። ከመባረር የባሰ ነገር ይዤ የመጣሁ መሰላቸው። ቢሆንም እንግዳ ነኝ። ሴና፣ ሴና፣ ግቢ አሉኝ፤ እርጎ ቀዱልኝ። አባትየው ግድግዳውን ተደግፈው ያስላሉ። አማርኛ አይሰሙም፤ በኦሮምኛ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤተሰቤ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ለምን እንደመጣሁ ግን አልጠየቁኝም፤ የምነግራቸውን የፈሩ ይመስለኛል።

ገመቹ በቆሎ ሲኮተኩት ነበር፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ጥግ ላይ የታሰረ ጓዝ አየሁ። ለቅዳሜ ነው አሉ አዴ ጫልቱ፣ ወርቅ ቁፋሮ ሊሄድ። አምና ከሰፈሩ የሄደ ልጅ አፈር ተንዶበት ቀረ። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሁሉን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን! ገልብጬ ነው የተማርኩት ባርሲስቱ፣ እርስዎ ነግረውኝ ነበር፣ አልሰማሁም አለ። ደብተር አመጣ። ከጓደኛው ሃንድአውት ተውሶ ፈተናውን በሙሉ እንደገና ሠርቶታል። በባለ ፐርሰንት። ምልክቶቹ በየቦታቸው፣ መነሻው ፊት፣ መድረሻው ኋላ። አሁን አቃንቼዋለሁ አለ። በኤፍ የተባረረ ልጅ፣ ለማንም የማያስረክበውን ሥራ፣ ቤቱ ተቀምጦ።

የሚያውቀውን ስህተት ነው ብሎ ጥሎታል። እኔ ስላልኩት።

እና ምን አልኩ? ድምሩን ልደግመው ነው፣ እዚህ ላይ ፈርም። ይቺን ብቻ። ፈረመ። ከተሳካ ይደውሉልኝ ብሎ የአጎቱን ቁጥር ሰጠኝ፤ የሱ ስልክ ተበላሽቷል። ዣንጥላ ይዞልኝ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ገላቶሚ፣ ተባረኪ አሉኝ እናቱ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የት አመመሽ ልጄ እያሉ ይጠይቁኛል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17። ጠ. 4 ሰዓት

በሩን ቆልፌያለሁ።

የድምር ስህተት ለማለት ወረቀቱ ከውጤቱ ጋር መግጠም አለበት። ኤክስ የሞላበት ወረቀት ተደምሮ ሠላሳ ስድስት አይመጣም። ስለዚህ ኤክሶቹ ራይት መሆን አለባቸው። ቀይ እስክርቢቶ አለኝ። ኤክስን ራይት ማድረግ ቀላል ነው፤ አንዱን እግር ታረዝመዋለህ፣ ሌላውን ታደምቀዋለህ።

አንዱን አደረግሁት። የመጀመሪያውን መስመር። ያምራል። ማንም አያውቅም።

ሁለተኛው ላይ እጄ ቆመ። ጽድቅ መስሎህ እንዳትሳሳት። ያሰብኩት ቅዳሜን ነው፣ ጓዙ የታሰረበትን ቀን። ውጤቱ ተስተካክሎለት ቢመለስስ? ድምር ተሳስተውልኝ ዳንኩ ብሎ ነው የሚመለሰው። ያቺን ፈተና አላውቃትም ነበር ብሎ ነው ዕድሜውን የሚኖረው። ነገ ሌላ መጽሐፍ ከሰሌዳው ጋር አልገጥም ሲለው አይጠይቅም። መጠየቅን ያስጣልኩት እኔ ነኝ።

በሌላ በኩል ቋሚነት። ሁለት ዓመት። ለልጁ ውጤቱ ይበቃዋል፣ የምን መናዘዝ ነው፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ኦቦ ቶለሳ ልክ ናቸው።

አይደሉም።

አላውቅም። በር እየተንኳኳ ነው፤ የክረምት ተማሪዎቼ ናቸው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18። ከሰ. 10፡45

ጻፍኩት። ምክንያት የሚለው ቦታ ሁለት መስመር ነው፤ አልበቃኝም፣ ወደ ጀርባው ዞርኩ። ተማሪው የጻፈው ትክክለኛና የታወቀ አጻጻፍ ነው። ፈተናው በየትኛው እንደሚጻፍ አላለም። መምህርቷ ሁለት አጻጻፍ መኖሩን አታውቅም ነበር፤ በካርቶን አርማለች፣ አላነበበችም። ተማሪው አስቀድሞ ጠይቋት አልመለሰችለትም። በመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ራይት ትናንት ከኤክስ የተለወጠ ነው፣ የለወጠችውም እሷ ናት። ስም። ፊርማ።

ኦቦ ቶለሳ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። አውልቀው ደግመው አነበቡ። ኮሚቴው ይህን ያየዋል አሉ። አውቃለሁ። ሌላ ፎርም ላምጣልሽ? አይ። ብዕሩን አነሱ። አሥራ አራት ዓመት በዚያ ካርቶን አርሜያለሁ አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው። ከዚያ ፈረሙ።

ሬጅስትራር 10፡25 ተቀበለኝ። ማኅተሙ ሲያርፍ አየሁ።

ያው ቀን፣ ከሰ. 11፡30

ወደ አጎቱ ስልክ ደወልኩ። አራተኛው ላይ ገባ። እስኪጠሩልኝ ጠበቅሁ፤ ዝናብ ይሰማኛል፣ የነሱ ይሁን የኛ አልለየሁም። መጣ።

ውጤቱ ተስተካክሏል አልኩት። እግዜር ይስጥልኝ ባርሲስቱ አለ፣ ድምሩ ነው? አይደለም አልኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ሁለቱንም አጻጻፍ፣ ካርቶኑን፣ ኮሪደሩን፣ ማክሰኞ ቤታቸው ተቀምጬ እርጎ እየጠጣሁ የዋሸሁትን። አንተ አልገለበጥክም፣ ያልተማርኩት እኔ ነኝ አልኩት።  መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«ባርሲስቱ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ታዲያ ያን ቀን አውቅ ነበር ማለት ነው?»

ታውቅ ነበር አልኩት።

 ከዚያ አንድ ነገር ለመነኝ። አባቴ አጠገቤ ነው፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌዋለሁ፣ በኦሮምኛ ይድገሙልኝ አለ። ከሱ አፍ ሳይሆን ከኔ እንዲሰሙት።

 የአባቱን ሳል እሰማለሁ፣ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ከዚያ አልኩ፦ ኢኒ ቤካ ቱሬ። ከን ዶጎጎሬ አነ። እሱ ያውቅ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።  ሽማግሌው ትንፋሻቸውን በረዥሙ ሲያወጡ ሰማሁ።

ሰኞ ኮሚቴው ይጠራኛል። እሄዳለሁ፤ ከጠየቁኝ እዚያም ይህንኑ ነው የምለው፣ በአማርኛ ከፈለጉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ከፈለጉ በኦሮምኛ።